የወለቀ ጣት ሁሉ አይሳብም፦ የምላሽ ጽሑፍ

ሰሞኑን ስለ ወለቀ ጣት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። አንዷ አክስቴ ናት። «የአንቺ ሙያ አይደል? እስኪ አንብቢውና እውነት ከሆነ ንገሪኝ» አለችኝ። በስልክ መመለስ ጀመርኩ። አንዱን ስነካ ሌላው እየመጣ አላልቅ አለኝ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፈው ወሰንኩ።

ጽሑፉን ላላነበባችሁ በአጭሩ እንዲህ ይላል። ጣት ወለቀ ማለት አጥንት ከቦታው ወጣ ማለት ብቻ ነውና ወዲያው ቀጥ አድርጎ በኃይል መሳብ፤ እንቢ ካለ ኃይል መጨመር። ጣቱ ከተንቀሳቀሰ አልተሰበረም፤ ራጅ መነሳት ገንዘብ ማባከን ነው። ከተመለሰ በኋላ ለ40 ቀን እንዳይነቃነቅ በስንጥር ጥፍር አድርጎ ማሰር። እብጠቱ ካልሄደ በደንብ አልገባም ማለት ነውና በቅቤ አሽቶ እንደገና መሳብ። ሐኪም ቤት መሄድ ትርፉ ጀሶ ወይም መቆረጥ ነው።

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። የወለቀ ጣት እኔ ዘንድ የሚመጣው በወለቀበት ቀን አይደለም። ከአምስትና ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ተስቦ፣ ታስሮ፣ ተፈትቶ፣ አልታጠፍ ወይም አልዘረጋ ሲል። ስለዚህ ጸሐፊው የመከሩት ምክር መጨረሻው ምን እንደሚመስል በየሳምንቱ አያለሁ። በቅን ልብ እንደጻፉት አልጠራጠርም። ከጻፉትም ውስጥ እውነት አለ። ችግሩ፣ ለአንድ ዓይነት ውልቃት የሚሆነውን ለሁሉም ማድረጋቸው ነው።

ከመሳቡ ልጀምር፤ ዋናው እሱ ነው።

በአንድ እጅ ጣቶች ላይ 14 መገጣጠሚያዎች አሉ። አውራ ጣት ሁለት አለው፤ ሌሎቹ ሦስት ሦስት። አንዱ ከመዳፍ ጋር የሚገናኝበት ነው፣ አንዱ መሃል ላይ፣ አንዱ ከጥፍሩ በታች። እያንዳንዳቸው ወደ አይበሉባ፣ ወደ መዳፍ ወይም ወደ ጎን ሊወልቁ ይችላሉ። እንግዲህ «ጣቴ ወለቀ» ብሎ ለሚመጣ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ የትኛው አንጓ ነው፣ ወዴትስ ነው የሄደው የሚል ነው። ጽሑፉ ውስጥ ይህ ጥያቄ አንድም ቦታ የለም።

አብዛኛውን ጊዜ የሚወልቀው የመሃለኛው አንጓ ነው፣ የሚሄደውም ወደ አይበሉባ። ኳስ የጣትን ጫፍ ፊት ለፊት ሲመታው ጣቱ ወደ ኋላ ይቀለበሳል። በረኞች ያውቁታል። ቅርጫት ኳስና መረብ ኳስ የሚጫወቱም ያውቁታል። ይሄኛው ብዙ ጊዜ በቀላሉ ይመለሳል። የቡድኑ ወጌሻ ወደ ሜዳ ሮጦ ገብቶ፣ ጣቱን መልሶ፣ ልጁ ጨዋታውን ሲቀጥል ያየ ሰው «ይሄው ነው እንግዲህ» ቢል አልፈርድበትም። ጸሐፊውም ያዩት ይህንን ይመስለኛል።

ግን እሱም ቢሆን በደንብ ሲሠራ በጉልበት የሚጎተት ነገር አይደለም። ሐኪሙ መጀመሪያ ጣቱን ከሥሩ፣ በግራና በቀኝ፣ በሊዶካይን ያደነዝዘዋል። እስኪሠራ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል። ከዚያ የወጣውን አጥንት መጀመሪያ ወደሄደበት አቅጣጫ ትንሽ ይጨምርበታል። ቀጥሎ በአውራ ጣቱ የአጥንቱን ሥር ወደ ቦታው እየገፋ ያንሸራትተዋል። አጥንቱ በመጣበት መንገድ ይመለሳል ማለት ነው። ብዙ ኃይል አይጠይቅም። እንቢ ካለ መሃል የገባ ነገር አለ፤ ያኔ ሐኪሙ ያቆማል። ጸሐፊው ግን እንቢ ካለ ኃይል ጨምሩ ይላሉ። እዚህ ላይ ነው ጣት የሚበላሸው።

ለምን እንደሆነ ላሳያችሁ። ሌባ ጣታችሁን እዩት። ከመዳፍ ጋር የሚገናኝበትን ትልቁን አንጓ። ሰው በተዘረጋ መዳፉ ሲወድቅ ይህ አንጓ ወደ አይበሉባ ሊወልቅ ይችላል። ያኔ የመዳፉ አጥንት ራስ ወደ መዳፍ ቆዳ በኩል ይገፋል። እዚያ ሲደርስ በአንድ ጎኑ ጣት የሚያጥፉት ጅማቶች፣ በሌላ ጎኑ ደግሞ አንዲት ቀጭን ጡንቻ ይይዙታል። በመገጣጠሚያው የመዳፍ በኩል የምትገኘው ወፍራም ንጣፍ ደግሞ ተቀዳ በሁለቱ አጥንቶች መሃል ትሸጎጣለች። አሁን ጣቱን ሳቡት። ጅማቶቹ ይወጠራሉ፤ የአጥንቱን አንገት ከግራና ከቀኝ ይዘው ይጠብቃሉ። ይሄ ሸምቀቆ ነው። በሳቡት ቁጥር ይብስበታል። ኢማኑኤል ካፕላን የተባለ የእጅ ቀዶ ሐኪም ይህንን እ.ኤ.አ. በ1957 በዝርዝር ጽፎታል፤ ጉዳቱም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው።

ሌላም አለ። በዚሁ አንጓ ላይ ቀለል ያለ ውልቃትም ያጋጥማል። ታዲያ ቀላሉ ነው ለዓይን የሚያስፈራው፤ ጣቱ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከባዱ ደግሞ ጣቱን ትንሽ ቀና ብቻ ያደርገዋል፣ ሲያዩት ምንም የሆነ አይመስልም። ቀላሉን አግኝቶ ቀጥ አድርጎ የሚስብ ሰው ንጣፏን በእጁ ጎትቶ መሃል ያስገባታል። በደቂቃ ሊመለስ የነበረው ጣት ወደ ቀዶ ሕክምና ይዞራል።

ባለፈው ዓመት አንድ የሚኒባስ ረዳት መጣ። መኪናው ሳይቆም ሊወርድ ሲል አዳልጦት በመዳፉ ወድቋል። ሌባ ጣቱ ከሥሩ ትንሽ ቀና አለ። መጀመሪያ ሾፌሩ ሳበለት። ማታ ጎረቤት ሳበለት። በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰው ክንዱን ይዞለት ተሳበ። አልገባም። «ጅማት ነው፣ ይለቅሃል» ተባለ። እኔ ዘንድ ሲደርስ አምስተኛ ሳምንቱ ነበር። መዳፉን ገልብጬ አየሁ። ከሌባ ጣቱ ሥር ቆዳው ወደ ውስጥ ተስቦ እንደ እምብርት ጎድጉዷል። ያቺ ጉድጓድ የዚህ ውልቃት ምልክት ናት። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ መዳፉን ገልብጦ ያየለት አልነበረም፤ ሁሉም ከላይ አይተው ነው የሳቡት። ወደ አጥንት ሐኪም ላክሁት፣ ተከፍቶ ተመለሰለት። ውልቃት ሦስት ሳምንት ካለፈው ብዙውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና አይመለስም። ዛሬ ልጁ ሥራው ላይ ነው። ሒሳብ ሲሰበስብ ብሩን የሚይዘው ግን በመሃል ጣቱና በአውራ ጣቱ ነው። ሌባ ጣቱ ከሥሩ እስከ ግማሽ ብቻ ነው የሚታጠፈው።

በዚህ ነጥብ ላይ ለጸሐፊው የማምንላቸው አንድ ነገር አለ፦ ፍጥነት። የወለቀ ጣት በቶሎ ሲመለስ ይሻላል፣ ሲያድር እያበጠና ጡንቻው እየያዘው ይከብዳል። ልክ ናቸው። ስለዚህ ዛሬውኑ ወደሚያውቅ ሰው መሄድ ነው። ማንም ያገኘው ሰው ይሳበው ግን አላሰኝም።

ወደ ራጁ ልለፍ። ጣቱ ከተንቀሳቀሰ አልተሰበረም የሚለው ነገር ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ግን በየቤቱ ይባላል። ልክ አይደለም። የተሰበረ ጣት ይንቀሳቀሳል። ጣት የሚያንቀሳቅሱት ዋና ዋናዎቹ ጡንቻዎች ያሉት ክንድ ላይ ነው፤ ጅማታቸው ካልተቆረጠ የተሰበረውን አጥንት ይዘውት ይንቀሳቀሳሉ።

የመሃለኛው አንጓ ሲወልቅ ብዙ ጊዜ ከአጥንቱ ሥር ቁራሽ ይዞ ይነሳል። ቁራሹ ትንሽ ከሆነ አያሳስብም። ከመገጣጠሚያው ገጽ ወደ ግማሽ የሚጠጋ ከሆነ ግን አጥንቱ የሚቀመጥበት አፋፍ ፈርሷል። ከላይ ሲታይ የተመለሰ ይመስላል። ውስጡ ግን እየተንሸራተተ ይወጣል። ከጎን በተነሳ ራጅ ላይ በአንጓው ጀርባ በኩል እንደ እንግሊዝኛው V ፊደል የተከፈተ ቀጭን ክፍተት ይታያል። በዓይን አይታይም፣ በጣትም ተዳብሶ አይገኝም። እንዲህ ዓይነቱ ጣት በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ከተደረሰበት ሊስተካከል ይችላል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሌላ ነው።

ራጅ ስትነሱ አንድ ነገር ጠይቁ። የመላው እጅ ራጅ ከጎን ሲነሳ አራቱም ጣቶች ይደራረባሉ፤ ምንም አያሳይም። የተጎዳው ጣት ለብቻው፣ ፊት ለፊትና ልክ ከጎን መነሳት አለበት። ከተመለሰ በኋላም እንደገና። ሜዳ ላይ የተመለሰ ጣትም ቢሆን ራጁ አይቀርለትም። ወጪው ለብዙ ሰው ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ከአንድ ራጅና ከቀዶ ሕክምና የቱ እንደሚከብድ እኔ ዘንድ የሚመጡት ያውቁታል።

አሁን ወደ 40 ቀኑ። እዚህ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፣ በራሴ ደርሶብኛልና።

11ኛ ክፍል እያለሁ መረብ ኳስ ስንጫወት የቀኝ እጄ የቀለበት ጣት መሃሉ ላይ ወለቀ። ጓደኛዬ ያዘችው፣ ቀጭ ብሎ ገባ። ህመሙ ወዲያው ቀለለኝ። ማታ ሰፈር ውስጥ በስንጥርና በጨርቅ ታሰረልኝ። ጣቴ ከእብጠቱ የተነሳ ትንሽ ጎበጥ እንዳለ ነበር የታሰረው። «40 ቀን ሳይሞላ እንዳትነኪው» ተባልኩ። አልነካሁትም፤ ታዛዥ ልጅ ነበርኩ። በ40ኛው ቀን ሲፈታ ጣቴ እንደጎበጠ ቀረ። ይኸው እስከ ዛሬ አልተዘረጋም። ፊቴን ስታጠብ ዓይኔን ይወጋኛል። ጓንት ሳጠልቅ አራቱ ገብተው እሱ ደጅ ይቀራል። ኪሴ ውስጥ እጄን ስከት ይያዛል።

ጣቴን ያጎበጠው መውለቁ አልነበረም። እስሩ ነው። የመሃለኛው አንጓ መታሰር አይወድም። በመዳፍ በኩል ያለችው ንጣፍ ስትድን ትኮማተራለች፤ ጣቱ ጎብጦ ከተቀመጠ በዚያው ልክ አጥራ ትድናለች። ከሦስት ሳምንት በላይ እንዲህ ከቆየ ማላቀቁ የወራት ሥራ ይሆናል፣ አንዳንዴም አይሆንም።

ወደ አይበሉባ ወልቆ፣ በደንብ ተመልሶ፣ ራጁም ደህና የሆነ ጣት መታሰር ያለበት ከጎረቤቱ ጣት ጋር ነው። በመሃላቸው ስስ ጨርቅ ወይም ጎዝ ይገባል፣ ላብ ቆዳውን እንዳይልጠው። ከዚያ ሁለት ቦታ ላይ በፕላስተር ይታሰራሉ፤ አንዱ ከመሃለኛው አንጓ በላይ፣ አንዱ በታች። አንጓው ራሱ ነጻ ይሆናል። በቀናት ውስጥ መታጠፍ ይጀምራል። ጎረቤቱ ይዞት ይታጠፋል፣ ወደ ኋላ እንዳይቀለበስም ይጠብቀዋል። ጤነኛው ጣት የታመመውን እየመራ ያሠራዋል፤ ከመሣሪያዎቼ ሁሉ የምወደው ይህንን ነው። እንዲህ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያል። ሲዘረጋ መልሶ የሚወልቅ ከሆነ ደግሞ መጨረሻውን እንዳይዘረጋ ብቻ የሚከለክል መደገፊያ ይደረግለታል። መታጠፉ አይከለከልም፣ መደገፊያውም በየሳምንቱ ቀጥ እየተደረገ ይሄዳል።

ታዲያ ስድስት ሳምንት ሙሉ ታስሮ መቀመጥ ያለበት ጣት የለም ወይ? አለ። ይሄ ነው የጽሑፉን አደጋ የሚያሳየው። የመሃለኛው አንጓ ወደ መዳፍ ከወለቀ ጣት የሚዘረጋው ጅማት ከላይ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ይህ ብዙ አያጋጥምም። ሲያጋጥም ግን መሃለኛው አንጓ ፍጹም ቀጥ ብሎ ለስድስት ሳምንት መታሰር አለበት። የጥፍሩ አንጓ ብቻ ነጻ ሆኖ ይታጠፋል። ይህ ጣት ከጎረቤቱ ጋር ታስሮ እንዲታጠፍ ከተደረገ ጅማቱ አይድንም። መጀመሪያ ምንም አይታወቅም። በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ መሃሉ እየጎበጠ፣ ጫፉ ወደ ኋላ እየተቀለበሰ ይሄዳል። ለአንዱ ጣት መድኃኒት የሆነው ስድስት ሳምንት ለእኔ ጣት መጥፊያው ነበር። ልዩነቱን የሚያውቀው ደግሞ ገና ሳይመለስ ወዴት እንደወለቀ ያየና ከተመለሰ በኋላ «መሃሉን ዘርጋው እስኪ» ብሎ በጣቱ ተቃውሞ የሞከረው ሰው ነው። ስለዚህ የወለቀውን ጣት ሳይነካ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ከላይም ከጎንም። ሜዳ ላይ ቢመለስ እንኳ ፎቶው ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል።

እብጠትን በተመለከተ ጸሐፊው እብጠት ካልጠፋ አልገባም ብለዋል። ይህ ሰውን ያሳስታል። የመሃለኛው አንጓ እብጠት ለወራት ይቆያል። ጣቱ በትክክል ገብቶ፣ በደንብ እየታጠፈ፣ እብጠቱ እስከ ዓመት የሚጎተት ሞልቷል። አንዳንዱ እንዲያውም ለዘለቄታው ወፈር ብሎ ይቀራል፣ የድሮ ቀለበት አይገባውም። ይህንን ማንም ቀድሞ ስለማይነግራቸው ሰዎች በሁለተኛው ወር ይደነግጣሉ። «አልገባም መሰለኝ» ይላሉ። ያሻሉ፣ ያስስባሉ። የዳነችው ጅማት እንደገና ትቀደዳለች። እንደገና ያብጣል። እንደገና ይታሻል። በዚህ ዙር ውስጥ ግማሽ ዓመት የቆየች እናት አውቃለሁ፤ ጣቷ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በቦታው ነበር።

ቅቤው በራሱ አይጎዳም። ማሸቱ ነው የሚጎዳው።

የመጨረሻው ስለ መቆረጥ ነው። ሰው ይህንን ሲል ፍርሃቱ ከባዶ እንዳልመጣ ይገባኛል። ጣቱ ጠቁሮ ሐኪም ቤት የሄደና ተቆርጦ የተመለሰ ሰው በየሰፈሩ ይታወቃል። ግን ጣቱን ምን አጠቆረው? ብዙውን ጊዜ ጥፍር ተደርጎ መታሰሩ። ጣት ከተጎዳ በኋላ እያበጠ ይሄዳል፤ ስንጥሩና ጨርቁ ግን አይሰፋም። ደም መሄጃ ያጣል። ሐኪሙ የሚቆርጠው የሞተውን ነው፤ የሞተው ቤት ነው። ጸሐፊው «ጥፍር አድርጎ ማሰር» ያሉትን እንዲያነሱት ከሁሉም በላይ የምለምናቸው ለዚህ ነው። የታሰረ ጣት ከነጣ፣ ከጠቆረ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ በዚያችው ደቂቃ ይፈታ። ጥፍሩን ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ሮዝ ቀለሙ በሁለት ሰከንድ ገደማ መመለስ አለበት።

ወጌሻን ለመናቅ አይደለም ይህን የምለው። አያቶቻችንን ያቆሙ እጆች ናቸው፤ ሐኪም በሌለበት የነበሩት እነሱ ናቸው። እጃቸው ከብዙዎቻችን የበለጠ የሚያዳብስ አሉ። የማውቃቸው አንድ አዛውንት ወጌሻ ጣት ሲመጣላቸው መጀመሪያ መዳፉን ገልብጠው ያያሉ፣ ቁስል ካለው አይነኩትም፣ «ራጅ ተነሥተህ ና» ይላሉ። ከሳቸው ጋር ጠብ የለኝም።

ቁስል ካልኩ አይቀር፤ ጽሑፉ ስለ ቁስል ምንም አላለም። የወለቀው አንጓ ላይ ቆዳው ከተቀደደ፣ ትንሽ ብትሆንም፣ ያ ጣት ቤት ውስጥ አይመለስም። በተለይ የጥፍሩ አንጓ ቆዳው አጥንት ላይ የተጣበቀ ስለሆነ ሲወልቅ በቀላሉ ይቀደዳል። ቆሻሻው መገጣጠሚያ ውስጥ ይገባል። በደንብ መታጠብ አለበት፤ ጸረ ተሕዋስያንና የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መርፌም ያስፈልገዋል። ያው ዛሬውኑ።

አክስቴ የጠየቀችኝ ግን ሌላ ነበር። «ከተማ ላላችሁ ጥሩ፣ እኛስ ገጠር? ጤና ጣቢያው ሁለት ሰዓት መንገድ ነው» አለች። ይሄ ተገቢ ጥያቄ ነው። ቀለበት ካለ መጀመሪያ ይውለቅ፣ ሳያብጥ፣ በሳሙና። እንቢ ካለ ቀለበቱ ይቆረጥ፤ ጣት ከሚጠፋ ቀለበት ቢጠፋ ይሻላል። ጣቱ ባለበት ቅርጽ፣ ሳይቀና፣ ከጎረቤቱ ጋር ላላ ተደርጎ ይታሰር። እጁ ከልብ በላይ ከፍ ይበል። በረዶ ከተገኘ በጨርቅ ተጠቅልሎ ለአጭር ጊዜ ይደረግበት፤ ካልተገኘ በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ጨርቅ ይበቃል። ትኩስ ነገር አይደረግ። ከዚያ መንገድ። ሁለት ሰዓት ጣት አያጠፋም። ጣቱ ከነጣና ከደነዘዘ ግን ጉዳዩ የደቂቃ ነውና በእጅ ያለው ፈጣን መጓጓዣ ይፈለግ።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን ሙሉ በሙሉ እንዲያነሱት አልጠይቅም። በቶሎ መታየት አለበት ያሉት ይቆይ። «በኃይል መሳብ»፣ «40 ቀን ጥፍር አድርጎ ማሰር» እና «አሽቶ እንደገና መሳብ» የሚሉትን ሦስት መስመሮች ግን ያንሷቸው። ጽሑፉን ለላካችሁልኝ ሦስታችሁም፦ ከእኔ ሌላ ለማን ለማን ላካችሁት? ይህንንም ላኩላቸው።